የሕፃን መዳፍ በሸክላ ላይ፤ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን



ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ በሞቱ ጊዜ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና የ7 ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ በመጓዝ ላይ ሳሉ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፉ። ልጁ ግን ባሕር ተሻግሮ ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥትም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ዐፅሙ እንዲመለስ በ2015 ዓ.ም. የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። ከአካሉ ወደ ወገኖቹ እጅ የገባችው አንዲት የፀጉር ዘለላ ነች። እርስዋንም ሞግዚቱ የነበረው የሻምበል ስፒዲ ቤተሰብ ለብዙ ዘመን ሲያቆያት ኖሮ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ወገን አስረከባት።

ይህን ታሪክ የምናነሣው የሕፃን ማስታወሻ በማን እጅ ሊቆይ እንደሚገባ ስለሚያሳየን ነው። የዓለማየሁን ፀጉር ያስቀመጡለት ባዕዳን ናቸው፤ በፍቅርም ይሁን በሌላ፣ እናቱ አልነበረችም። ዛሬም ከወሎ ደጋ ስንት ልጅ ለእንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል! በእናቱ ቤት የሕፃንነቱ ምልክት የሚሆን አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የማይገኝለት ብዙ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም በየቁምስናው በቀላሉ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር እናቀርባለን፤ ይኸውም የሕፃኑን መዳፍ በሸክላ ላይ አትሞ ለቤተሰቡ መስጠት ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ የሚጠባ ልጇን ስለማትረሳ እናት ካነሣ በኋላ፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን በእጁ መዳፍ ላይ እንደ ቀረጸ ይናገራል (ኢሳ. 49፥15-16)። ከሥራው በፊት ይህን ንባብ ለወላጆች ማስረዳት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጭቃው ራሱ ያስተምራል።

በውጭ አገር ይህን ማስታወሻ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እጅ ዱቄት፣ ከአንድ እጅ ጨውና ከአንድ እጅ ውኃ ነው፤ አድርቀውም በገና ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። እኛ ይህን አንመክርም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ባየ አገር፣ ልጆች ፊት ዱቄት ለጌጥ ሲቦካ ማየት ለአረጋውያን የሚከብድ ነገር ነው። ደግሞም በክረምት እርጥበት ይስበዋል፤ አይጥም አይምረውም።

ጭቃ ግን በእጃችን አለ፤ የሚያውቁትም ሸክላ ሠሪ እናቶች አሉ። በምጣዳቸው ጋግረን፣ በጀበናቸው ቡና ጠጥተን፣ እነርሱን ግን «ቡዳ» እያሉ ማራቅ በአገራችን የቆየ ክፉ ልማድ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም አልጠፋም። እግዚአብሔር ኤርምያስን ቃሉን ያሰማው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ልኮ እንደ ነበር (ኤር. 18) ማስታወስ መልካም ነው። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ የዕለቱ መምህርት ሆና ትጋበዝ፤ የጭቃዋና የድካሟ ዋጋም ሳይጓደል ይከፈላት።

እርስዋ አፈሩን ነፍታ፣ ከአሮጌ ሸክላ ስብርባሪ የተፈጨ ዱቄት ጨምራ ታቦካዋለች፤ ይህም ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። የተጠፈጠፈው ጭቃ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ ባይወፍር ይሻላል። ጣት ሲያርፍበት ምልክት የሚይዝ፣ ሲነሣ ግን የማይጣበቅ መሆን አለበት። ጨቅላ ሕፃን መዳፉን የነካውን ሁሉ መጨበጥ ተፈጥሮው ነውና፣ ጠብቶ ሲያንቀላፋ ጭቃውን ወደ እጁ ማምጣት ይገባል እንጂ እጁን መጎተት አይገባም። እምቢ ካለ የእግሩ አሻራ ይበቃል። እጁም ወዲያው ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ።

የማንጠልጠያው ቀዳዳ ጭቃው ሳይደርቅ በስንዴ አገዳ ይበሳል። ጥቂት ጠንከር ሲል በጀርባው የክርስትና ስሙ፣ የተጠመቀበት ቀንና ዓመተ ምሕረቱ በስንጥር ይጻፋል። በፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዳር ዳሩ ቀድሞ እየደረቀ ይጣመማል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር በየቀኑ እየተገላበጠ አንድ ሳምንት ያህል፣ በክረምትም ከዚያ በላይ ይቆይ። እርጥበት የቀረው ሸክላ እሳት ውስጥ ሲገባ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። በመጀመሪያ ከእሳቱ ዳር ይሞቃል፣ ቀጥሎ በኩበት ተሸፍኖ ይተኮሳል፤ ይህን ለባለሙያዋ መተው ነው። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ያንሳል፤ እናቲቱ «ይህስ የልጄ እጅ አይደለም» ብላ እንዳትደነግጥ አስቀድሞ ይነገራት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህ ክታብ አይደለም፤ በሽታን ይመልሳል፣ ከዐይን ያድናል ተብሎ በሕፃኑ አንገት ሊታሰር አይገባም። ለአንገቱ ማተቡ አለለት። የሸክላው ስፍራ በግድግዳ ላይ፣ በተለይም በቤቱ የጸሎት ቦታ አጠገብ ነው።

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ሊያዩ ቢመጡ፣ በወሎ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ የእነርሱም መዳፍ ይታተም፤ በጀርባውም ስማቸውና የተወለዱበት ቀን ይጻፍ። በቅርቡ ልጅ የሞተባት እናት በቁምስናው ካለች ግን መምህሩ አስቀድሞ ቤቷ ድረስ ሄዶ ያነጋግራት። መምጣት ብትፈልግ ትምጣ፤ ባትፈልግ አይጠየቅባት። የልጇን ስም በሸክላ ላይ ጽፋ መውሰድ የምትሻ እናትም ትኖራለች፤ ለእርስዋ የሚሆን ጭቃ ይቀመጥላት።

ለእያንዳንዱ ሕፃን ሁለት ሁለት ማዘጋጀት ይበጃል፤ አንዱ በእሳት ውስጥ ሊሰበር ይችላልና። ሁለቱም በደኅና ከወጡ አንዱ ለእናቱ፣ ሌላው ለክርስትና አባቱ ወይም ለክርስትና እናቱ ይሰጣል።