በድረ ገጽ ቅጾች የሚላኩ ፋይሎችን ዓይነት ማረጋገጥ፦ ከዲክሲስ የሚላክ ማመልከቻ እንደ ማሳያ

መግቢያ

በአርሲ ዞን ዲክሲስ የሚኖር አመልካች የትምህርት ማስረጃውን በስልኩ አንሥቶ በድረ ገጽ ቅጽ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊልክ ይችላል። ቅጹ ትክክለኛውን ፋይል ቢመልስበት እስከ አሰላ መጓዝ ወይም የምዝገባው ቀን ማለፍ ይጠብቀዋል። ማጣሪያው ከላላ ደግሞ አጥቂ በፎቶ ስም ፕሮግራም አስገብቶ የአመልካቾችን ሁሉ መረጃ ሊዘርፍ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም ጉዳቶች ፋይልን በይዘቱ ሳይሆን በስሙ ከመመዘን ሊመነጩ እንደሚችሉ ያሳያል።

ስምና ይዘት

የፋይሉ ቅጥያም ሆነ ብራውዘሩ የሚልከው የዓይነት መግለጫ ከላኪው ወገን የሚመጡ በመሆናቸው ላኪው እንደ ፈቀደ ይለውጣቸዋል። በብራውዘር የሚደረግ ፍተሻም ለተጠቃሚው ፈጣን ማሳሰቢያ ይሰጣል እንጂ ጥበቃ አይሆንም፤ ፋይሉ ያለ ቅጹ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ሊላክ ይችላልና።

የተሻለው ምልክት በፋይሉ የመጀመሪያ ባይቶች ላይ ይገኛል። በአሥርዮሽ ቁጥር ሲጻፉ ፒዲኤፍ በ37፣ 80፣ 68፣ 70፤ ጄፔግ በ255፣ 216፣ 255፤ ፒኤንጂ በ137፣ 80፣ 78፣ 71 ይጀምራሉ። ሆኖም ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ከትክክለኛ መነሻ በኋላ ጎጂ ኮድ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ምስሉን ከፍቶ እንደ አዲስ ሊጽፈው ይገባል።

ከተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ2018 ጄኪውዌሪ ፋይል አፕሎድ በተባለው መሣሪያ ላይ የተገለጸው ክፍተት ለዚህ አስረጅ ነው። የመሣሪያው የሰርቨር ኮድ ማንኛውንም ዓይነት ፋይል ይቀበል ነበር፤ የተቀበለው ፋይል እንዳይሠራ የሚከለክለው በአቃፊው ውስጥ የተቀመጠ የአፓቼ ማዋቀሪያ ፋይል ነበር። አፓቼ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን በነባሪነት ማንበብ ሲያቆም ጥበቃው አብሮ ቀረ።

ማጠቃለያ

ቅጹ የሚቀበላቸው ዓይነቶች አስቀድመው ይወሰኑ፤ ይዘታቸው በሰርቨር ይፈተሽ፤ ፋይሉ አዲስ ስም ተሰጥቶት ከድረ ገጹ አቃፊ ውጭ ይቀመጥ። ጥብቅነቱ ግን ቅን አመልካችን እንዳይጎዳ ጥንቃቄ ያሻል። ለምሳሌ አንዳንድ ስልኮች ፎቶን ሄይክ በተባለ ቅርጸት ያስቀምጣሉ፤ ቅጥያው ወደ ጄፔግ ቢለወጥም ይዘቱ ያው ነው። ስምን ብቻ የሚያይ ቅጽ ፋይሉን ይቀበለዋል፤ መዝጋቢው ግን ሊከፍተው ይቸገራል። ይዘትን የሚያይ ሰርቨር ወዲያውኑ ወደ ጄፔግ ሊለውጠው፣ ካልቻለም ምክንያቱንና መፍትሔውን በአመልካቹ ቋንቋ ሊነግረው ይችላል።