እሳትም አየር ይፈልጋል

እናቶች ሆይ! በሐይቅና በአምባሰል ያላችሁ ቤተ ሰቦች ሁሉ!

እሳት እንደ ሰው አየር ይስባል። ከሰል በተለይ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል። መርዙ አይታይም፤ አይሸትም። ስለዚህ «ፍሙ ቀልቷል፥ ጢሱም አልቋል» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በደጋው ብርድ ሲበረታ በርና መስኮት ተዘግቶ፥ የከሰል ማንደጃው ከአራስ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን እናትና ልጅ እንደተኙ ሊቀሩ ይችላሉ።

የአየሩን መንገድ እንዲህ አድርገን እንመርምር፦

1ኛ/ በሩን ገርበብ አድርገን፥ ነበልባሉ ጠፍቶ የሚጨስ ጭራሮ ከበሩ ግርጌ እንያዝ። ጢሱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ አየር ይገባል ማለት ነው።

2ኛ/ ጭራሮውን የጣራውን ሣር ሳናስነካ ወደ መስኮቱ ከፍ እናድርግ። ጢሱ ወደ ውጭ ከሄደ መልካም ነው።

3ኛ/ ጢሱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ ቤት ከተመለሰ፥ አየሩ አልተላለፈምና በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርገን እንክፈት።

ምርመራው መልካም ቢሆንም እንኳ ከመኝታ በፊት ከሰሉ ወደ ደጅ ይውጣ። ለሌሊቱ ብርድ ጋቢና ባና እንደርብ።

ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና ድካም የቤቱን ሰዎች ባንድ ጊዜ ከያዛቸው «ምች ነው» አይባል። ሁሉንም ቶሎ ወደ ደጅ አውጥታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት አታጠጡ፤ ያንቀዋል።