ካረጡ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ እና የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር፦ የ«ነፃ» ውጤት ወሰን

«የማህፀን ካንሰር» የሚለው ስያሜ በዕለታዊ አነጋገር ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ያጠቃልላል። አንደኛው በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ አማካይነት የሚመጣው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ሁለተኛው ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚነሣ ሲሆን፣ በአመዛኙ ፕሮጀስትሮን ካልገታው የኢስትሮጅን ተጽዕኖ ጋር ይያያዛል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ታሞክሲፌን መውሰድና በዘር የሚተላለፈው ሊንች ሲንድረም ተጋላጭነቱን ይጨምራሉ። የስያሜው መደበላለቅ ጉዳት የሚያስከትለው ያረጠች ሴት ደም ፈስሷት ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ ነው።

በኢትዮጵያ የማህፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ በመሆኑ፣ ባለሙያው በቅድሚያ ስለ እርሱ ቢያስብ ተገቢ ነው። ሆኖም በአሴቲክ አሲድ የሚካሄደው የዕይታ ምርመራ በዋናነት የታቀደው ምልክት ለሌላቸው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ነው። ካረጡ በኋላ የካንሰር ቅድመ ለውጥ የሚጀምርበት የበሩ ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ዕይታው ይደክማል፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ደግሞ ከመነሻው አያሳይም። ስለዚህ ደም ለሚፈሳት ሴት በዚህ ምርመራ ብቻ «ነፃ ነዎት» ማለት ያልተመረመረን አካል ጤነኛ ነው እንደ ማለት ይቆጠራል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 129 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚያሳየው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ካለባቸው ሴቶች 90 በመቶ ያህሉ ካረጡ በኋላ ደም ፈስሷቸዋል። በአንጻሩ ካረጡ በኋላ ደም ከፈሰሳቸው መካከል ካንሰር የተገኘባቸው 9 በመቶ ገደማ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው የሽፋኑ መሳሳት ወይም ፖሊፕ ነው። ከአሥራ አንድ ሴቶች አንዷ ግን በቸልታ የምትታለፍ አይደለችም።

ቀጣዩ ጥያቄ ምርመራው በምን ይጀመር የሚለው ነው። በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ የሽፋኑ ውፍረት 4 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በጥቁር ሴቶች ላይ የተካሄደ ጥናት ግን ከ5 ሚሊሜትር በታች የሚለው ወሰን ከካንሰር ታማሚዎቹ 11 በመቶ ያህሉን ሊያሳልፍ እንደሚችል አመልክቷል። ማዮማ የሽፋኑን ምስል ማደብዘዙ፣ ኢስትሮጅንን ሳይጠብቁ ከሳሳ ሽፋንም የሚነሡ የካንሰር ዓይነቶች መኖራቸው ጉዳዩን ያወሳስቡታል። የአሜሪካን ውጤት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ባይቻልም፣ የወሰኑን አስተማማኝነት ሳይፈትሹ መቀበልም እኩል አጠያያቂ ነው።

በመሆኑም ደም መፍሰሱ ከተደጋገመ ወይም ሽፋኑ በአልትራሳውንድ በግልጽ ካልታየ፣ የተለካው ውፍረት ምንም ይሁን ምን ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ናሙናውም ቢሆን ያለ ዕይታ የሚወሰድ በመሆኑ በአንድ ስፍራ የተወሰነ ዕጢን ሊስት ይችላል፤ ውጤቱ ደህና ሆኖ ደሙ ካላቆመ ማህፀኑን በሂስትሮስኮፕ ማየት ይገባል።