ብርጭቆው ወይስ ስሙ? የጃፓን ውስኪን በቡድን ቀምሶ ስለ ማነጻጸር

መግቢያ

በጃፓን ከተሞች የውስኪ ወዳጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ልዩ ልዩ ጠርሙሶችን እየቀመሱ የማነጻጸር ልማድ አላቸው። እያንዳንዱ ያሸተተውንና የቀመሰውን ይናገራል፤ ሌላው ይጨምርበታል ወይም ይቃወመዋል፤ በመጨረሻም ቡድኑ አንዱን ከሌላው አስበልጦ ይለያያል። ይህ ፍርድ ከምን እንደሚመነጭ ግን አይጠየቅም። ከብርጭቆው ውስጥ ካለው መጠጥ ነውን? ወይስ ከጠርሙሱ ስም፣ ከዋጋው፣ አስቀድሞ ከተናገረው ሰው ቃል?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በወዳጆች መካከል የሚደረግ ቅምሻ ዕውቀት ሊያስገኝ የሚችልበትን ሁኔታ መመርመር ነው። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ በቅምሻ ወቅት ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀው ይቀርባሉ። አንደኛው «በእነዚህ ሁለት መጠጦች መካከል የሚታወቅ ልዩነት አለን?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ ከአፍንጫና ከምላስ ይገኛል። ሁለተኛው «ይህ መጠጥ ከየት መጣ፣ እንዴትስ ተሠራ?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ የሚገኘው ከመዝገብ ብቻ ነው። ሁለቱ ሳይለያዩ የቀሩበት ቅምሻ፣ ቀማሹ አስቀድሞ የሚያውቀውን መልሶ ከመንገር አያልፍም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካዊ ዳራ

የጃፓን ውስኪ ታሪክ ከሁለት ሰዎች ስም ጋር የተያያዘ ነው። ታኬትሱሩ ማሳታካ በ1918 ወደ ስኮትላንድ ተጉዞ በግላስጎው ትምህርት ተከታተለ፤ በዚያው አገር የውስኪ ማምረቻዎችም ተለማመደ፤ በ1920 ወደ አገሩ ተመለሰ። ነጋዴው ቶሪ ሺንጂሮ በ1923 በኪዮቶና በኦሳካ መካከል በያማዛኪ የመጀመሪያውን የብቅል ውስኪ ማምረቻ ሲመሠርት ሥራውን የመራው ይኸው ታኬትሱሩ ነበር። በ1929 ለገበያ የቀረበው ሺሮፉዳ የተባለው ውስኪ፣ የጢስ ጠረኑ ለጊዜው ጠጪ ከብዶ እንደ ነበር ይነገራል። ኋላ ሁለቱ ተለያዩ። ታኬትሱሩ በ1934 በሰሜናዊቱ ደሴት በሆካይዶ፣ በዮይቺ፣ የራሱን ማምረቻ አቋቋመ። የቶሪ ድርጅት የዛሬው ሰንቶሪ፣ የታኬትሱሩ ደግሞ የዛሬው ኒካ ነው።

ከዚህ አጀማመር የተወረሰ አንድ ባሕርይ ለንጽጽር ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። በስኮትላንድ ቀያጮች ከልዩ ልዩ ማምረቻዎች የሚያገኙትን ውስኪ እየገዙና እየተለዋወጡ ይቀይጣሉ። በጃፓን ግን ተፎካካሪ ድርጅቶች ውስኪያቸውን እምብዛም አይለዋወጡም። ስለዚህ እያንዳንዱ ድርጅት ለቅይጡ የሚያስፈልገውን ልዩ ልዩ ዓይነት መጠጥ ራሱ ለማምረት ተገደደ። በያማዛኪ ቅርጻቸው የተለያየ ማንጠሪያዎች ጎን ለጎን ቆመው ይሠራሉ፤ ብቅሉ የሚብላላውም በእንጨትም በብረትም ጋኖች ነው፤ የሚያረጅባቸው በርሜሎች ከአሜሪካ ኦክ፣ ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን ከነበረባቸው እንዲሁም ሚዙናራ ከተባለው የጃፓን ኦክ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ «የያማዛኪ ጣዕም» የሚለው አነጋገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። አንድ ማምረቻ አንድ ድምፅ ብቻ አለው ብሎ የሚነሣ ቀማሽ፣ ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ጥያቄ ይዞ ይነሣል።

መለያው የሚናገረውና የማይናገረው

ለረጅም ጊዜ የቀማሾችን ፍርድ ያወሳሰበው ሌላ ጉዳይ «የጃፓን ውስኪ» የሚለው ስም ራሱ ነው። የአገሪቱ የመጠጥ ግብር ሕግ ውስኪ የግድ በርሜል ውስጥ ለዓመታት እንዲቆይ አያዝም፤ ከውጭ አገር የመጣ ውስኪ በጃፓን ተቀይጦና ታሽጎ በጃፓን ስም እንዳይሸጥም አልከለከለም። በመሆኑም በጠርሙሱ ላይ የጃፓን ፊደልና ሥዕል ማየት፣ መጠጡ በጃፓን መነጠሩን አያረጋግጥም ነበር።

የጃፓን የአልኮል መጠጦችና ሊኬሮች አምራቾች ማኅበር በየካቲት 2021 ያወጣውና ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የጸናው መስፈርት ይህን ክፍተት ለመድፈን የታሰበ ነው። በመስፈርቱ መሠረት «የጃፓን ውስኪ» ለመባል ብቅል ምንጊዜም ከግብዓቶቹ አንዱ መሆን አለበት፤ ውሃው ከጃፓን የተቀዳ፣ ማብላላቱና ማንጠሩም በጃፓን ማምረቻ የተከናወነ፣ የነጠረው መጠጥ የአልኮል መጠን ከ95 በመቶ በታች የሆነ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል በጃፓን ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ፣ በዚያው አገር የታሸገና ሲታሸግ ቢያንስ 40 በመቶ አልኮል ያለው መሆን ይገባዋል። ለነባር ምርቶች የተሰጠው የመሸጋገሪያ ጊዜ መጋቢት 2024 አብቅቷል።

መስፈርቱ የማኅበሩን አባላት እንጂ ሁሉንም አምራች የሚያስገድድ ሕግ አይደለም። ያም ሆኖ ለቀማሾች ያስገኘው ትምህርት ከፍተኛ ነው። ኒካ ድርጅት የትኞቹ ምርቶቹ መስፈርቱን እንደሚያሟሉና የትኞቹ እንደማያሟሉ በግልጽ አሳውቋል፤ ብዙዎች የጃፓን ውስኪ አብነት አድርገው ሲያወድሱት የነበረው «ኒካ ፍሮም ዘ ባረል» ከማያሟሉት አንዱ ነው። መጠጡ በዚህ ምክንያት አልከፋም፤ ትናንት የነበረው ጣዕም ዛሬም አለ። የተናጋው «ጃፓናዊነቱ በምላስ ይታወቃል» የሚለው እምነት ነው። የትውልድ ቦታን ለማወቅ መዝገብ እንጂ ምላስ በቂ ምስክር አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

ስሜት ሕዋሳት እንዴት ይታለላሉ?

ቀማሹ የሚያየውና የሚሰማው በሚያሸተው ላይ ጫና እንደሚያሳድር በወይን ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በ2001 በታተመ የቦርዶ ጥናት፣ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው፣ ለቀይ ወይን የሚነገሩትን ቃላት ተጠቅመው ገለጹት። በ2008 የታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ አንዱን ወይን አንድ ጊዜ በ10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ በ90 ዶላር ዋጋ ሲያቀርብ፣ ተሳታፊዎቹ ውዱን አብልጠው ወደዱት፤ ደስታ ከመሰማት ጋር የተያያዘው የአንጎላቸው ክፍልም ይበልጥ ሲሠራ ታይቷል። ማለትም ሰዎቹ አልዋሹም፤ በእርግጥም የተሻለ ሆኖ ተሰምቷቸዋል።

ይህ ግኝት ለጃፓን ውስኪ ወዳጆች የተለየ ክብደት አለው። የ2013 ያማዛኪ ሼሪ ካስክ በአንድ ታዋቂ ዓመታዊ የውስኪ መመሪያ የ2015 እትም የዓለም ምርጥ ውስኪ ተብሎ ከተሰየመ በኋላ ፍላጎቱ ናረ፤ ያረጀ ክምችት በማነሱም በ2018 ሃኩሹ 12 እና ሂቢኪ 17 ከመደበኛ ሽያጭ ተቋረጡ። እጥረት ዋጋን ያንራል፤ ዋጋ ደግሞ ከላይ እንደ ታየው በጣዕም ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ጠርሙሱን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚቀምስ ሰው ዝናውንም አብሮ ይቀምሳል።

የሚዛናዊ ቅምሻ ሥርዓት

ከላይ ለተነሡት ችግሮች መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የመጀመሪያው እርምጃ ጥንዱን በጥንቃቄ መምረጥ ነው። ለማስተማሪያ የሚመች ጥንድ የዮይቺና የሚያጊክዮ ነጠላ ብቅል ውስኪዎች ናቸው። ሁለቱም የአንድ ድርጅት ምርቶች ናቸው፤ ዕድሜ ያልተጻፈባቸው መደበኛ ጠርሙሶቻቸው በ45 በመቶ አልኮል ይታሸጋሉ። የአሠራራቸው ልዩነት ግን የታወቀ ነው። በዮይቺ ማንጠሪያዎቹ በድንጋይ ከሰል እሳት በቀጥታ ይጋላሉ፤ እንፋሎቱን የሚወስደው ቧንቧም ወደ ታች ያዘነበለ ነው። በ1969 በተቋቋመው ሚያጊክዮ ደግሞ ማንጠሪያዎቹ በእንፋሎት ይሞቃሉ፤ አንገታቸው ላይ እብጠት አላቸው፤ ቧንቧቸውም ወደ ላይ ያቀናል። በኋለኛው ዓይነት ከባዱ እንፋሎት ተመልሶ ስለሚወርድ ቀለል ያለና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት መጠጥ ይገኛል፤ በፊተኛው ከበድ ያለ።

ሁለተኛው እርምጃ የሦስትዮሽ ፈተና ነው። አንድ የማይቀምስ ሰው ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ብርጭቆ ያዘጋጃል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ነው። ቀማሹ የተለየውን ይጠቁማል። በግምት ብቻ የመገመት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ስድስት ሰዎች ቀምሰው አራቱ ቢያውቁ፣ ይህ በአጋጣሚ ሊደርስ የሚችልበት ዕድል 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ማስረጃው ደካማ ነው። አምስቱ ቢያውቁ ግን ዕድሉ ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል። ቡድኑ አሥራ ሁለት ከሆነ ቢያንስ ስምንት ትክክለኛ መልስ ያስፈልጋል። ከግማሽ በላይ የሆነ አባል ልዩነቱን «አወቀ» ማለት ቡድኑ አወቀ ማለት አለመሆኑን ይህ ስሌት ያስገነዝባል።

ሦስተኛው የአልኮልን መጠን ማስተካከል ነው። በ43 በመቶ የታሸገውን ያማዛኪ 12 እና በ51.4 በመቶ የታሸገውን ኒካ ፍሮም ዘ ባረል እንዳሉ ማነጻጸር፣ የጣዕምን ሳይሆን የአልኮልን ንጽጽር ያስከትላል። ሁለቱንም ለምሳሌ ወደ 24 በመቶ ለማውረድ በ15 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ ለፊተኛው 12፣ ለኋለኛው 17 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይጨመራል። በ2017 በስዊድን ተመራማሪዎች የታተመ የኮምፒውተር ስሌት እንዳመለከተው፣ የጢስ ሽታ ካላቸው ውሁዶች አንዱ የሆነው ጓያኮል አልኮሉ እስከ 45 በመቶ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ወደ ገጹ ይቀርባል፤ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ግን በአልኮል ሞለኪውሎች ተከቦ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ውሃ መጨመር መጠጡን ማበላሸት ሳይሆን ሽታውን ማውጣት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አራተኛው መትፋት ነው። በ45 በመቶ የታሸገ 15 ሚሊ ሊትር ውስኪ 5 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። ሁለት ዙር የሦስትዮሽ ፈተና ወደ 32 ግራም ይደርሳል፤ የጃፓን የጤና ሚኒስቴር በጤና መርሐ ግብሩ ልከኛ ብሎ ያስቀመጠው ግን በቀን በአማካይ 20 ግራም ያህል ነው። ከጤናው ሌላ፣ የሰከረ ቀማሽ የሚሰጠው ፍርድ ለማንም አይጠቅምም።

የቃላት ጉዳይ

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሥርዓት ዝምታ ነው። አንዱ ቀማሽ «ሰንደል ይሸታል» ካለ በኋላ፣ ሌሎቹ ሰንደሉን ሲፈልጉ ያገኙታል። ስለዚህ ሁሉም ያገኘውን በየራሱ ወረቀት ከጻፈ በኋላ ብቻ ውይይቱ ይከፈታል። ከዚያ በፊት የሚደረስበት ስምምነት የመጀመሪያው ተናጋሪ ማስተጋባት ነው።

ቃሉ ራሱም ከቀማሹ ሕይወት ይመነጫል። ጃፓናውያን በሚዙናራ በርሜል ያረጀን ውስኪ በቤተ መቅደስ በሚጤሱት መዓዛማ እንጨቶች ይመስሉታል። የዮይቺን ጢስ የቀመሰ ኢትዮጵያዊ በበኩሉ በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን ቢያስታውስ አልተሳሳተም፤ ሁለቱም የተቃጠለ ዕፅ ጠረን ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት አይደለም። ቁም ነገሩ ያው ሰው ያንኑ ቃል፣ ብርጭቆዎቹ ተለዋውጠው በሌላ ቀን ሲቀርቡለት፣ ለዚያው መጠጥ መልሶ መጻፉ ነው። የሚመረመረው የቃሉ ውበት ሳይሆን ጽናቱ ነው። የቡና ቅምሻን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ በዚያም አንዱ ናሙና በብዙ ስኒ የሚቀርበው ቀማሹና ናሙናው ከራሳቸው ጋር መስማማታቸው እንዲታይ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ሦስት ነጥቦችን ያስጨብጣል። አንደኛ፣ የመጠጥን መነሻ የሚመሰክረው መዝገብ ስለሆነ፣ ቀማሾች የ2021 መስፈርትንና የአምራቾችን መግለጫ ከቅምሻው አስቀድመው ሳይሆን ከቅምሻው በኋላ ሊያነቡ ይገባል። ሁለተኛ፣ ልዩነት መኖሩን ሳያረጋግጡ ስለ ልዩነቱ ዓይነት መከራከር መሠረት ሳይጥሉ ግድግዳ ማቆም ነው። ሦስተኛ፣ የቡድን ስምምነት ዋጋ የሚኖረው እያንዳንዱ ለብቻው ከደረሰበት ብቻ ነው።

ይህ ሥርዓት የወዳጆችን ጨዋታ የሚያደርቅ ሊመስል ይችላል። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ወረቀቱ ተገልጦ፣ መጋረጃው ተነሥቶ፣ ዝነኛው ጠርሙስ ከመደበኛው ሳይለይ መቅረቱ ወይም ዮይቺ በጢሱ ከስድስቱ አምስቱን ቀማሾች በስሙ ሳይሆን በጠረኑ ማሳመኑ ሲታወቅ፣ ያኔ የሚጀመረው ውይይት የሚያነሣው ነገር አለው። ስሙን አስቀድሞ የሰማ ቡድን ግን ስሙን ከመድገም በቀር የሚያገኘው ጥቂት ነው።