ከጎረቤት የሚደርስ፥ ከሩቅ የማይደርስ መልእክት

የቤት ሥራ ማስረከቢያው ሌሊት አንድ ጓደኛዬ «መስመሩ ጠፋ!» እያለ ጮኸ። ነገር ግን ከእኔ ኮምፒውተር ጋር ጽሑፍ እየተቀባበለ ነበር። ከጎረቤት ደርሶ ከሩቅ የማይደርስ መስመር ምን ዓይነት ነው? መልሱን ለማግኘት አሠራሩን ከሥሩ እንመልከት።

እያንዳንዱ ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው፤ የጓደኛዬ 192.168.1.20 ነበር። ከዚሁ ጋር ሰብኔት ማስክ የሚባል ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ 255.255.255.0 ከሆነ፥ የአድራሻው የፊተኞቹ ሦስት ክፍሎች ሰፈሩን፥ የመጨረሻው ቤቱን ያመለክታሉ። ኮምፒውተሩ መልእክት ከመላኩ በፊት «ተቀባዩ የሰፈሬ ነውን?» ብሎ ይመረምራል። 192.168.1.35 ከሆነ ጎረቤቱ ነውና በቀጥታ ይልክለታል። የሌላ ሰፈር ከሆነ ግን ለዲፎልት ጌትዌይ፥ ይኸውም ለሰፈሩ በር ያስረክበዋል።

በበሩ ላይ የቆመው መሣሪያ ራውተር ይባላል። ራውተር ቢያንስ ሁለት ሰፈሮችን ያዋስናል፤ በየሰፈሩም የየራሱ አድራሻ አለው። የመንገድ ሠንጠረዡን ተመልክቶ መልእክቱን ለሚቀጥለው ራውተር ያስተላልፋል። መንገዱን በሙሉ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ቀጣዩን እርምጃ ማወቅ ይበቃዋል። መልእክቱ መንገድ ስቶ ሲዞር እንዳይኖር፥ በላዩ የተጻፈ ቁጥር በየራውተሩ በአንድ ይቀነሳል፤ ዜሮ ሲሆን መልእክቱ ይጣላል።

ኔትወርኮችን በጌትዌይ የማገናኘቱን ሐሳብ ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ አብራርተውታል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1977 ደግሞ በካሊፎርኒያ ከሚጓዝ መኪና የተላከ መልእክት በሬዲዮ፥ በሳተላይትና በምድር መስመር የሚሠሩ ሦስት ኔትወርኮችን አቋርጦ ካሰበበት ደረሰ። ሦስቱም በጠባያቸው የተለያዩ ነበሩ፤ ያገናኛቸው በሩ ነው።

ወደ ጓደኛዬ እንመለስ። የበሩ አድራሻ 192.168.1.1 ሲሆን፥ እርሱ በእጁ ሲጽፍ 192.168.1.11 ብሎት ኖሯል። በዚያ ቁጥር የሚኖር አልነበረምና ወደ ውጭ የሚላከው ሁሉ ተቀባይ አጣ። አንዲቷን አኃዝ ብንሰርዝ የቤት ሥራው ሰዓቱ ሳያልፍ ደረሰለት።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ «መስመሩ ጠፋ» ከማለታችን በፊት በፒንግ ትእዛዝ መጀመሪያ ጎረቤትን፥ ቀጥሎ በሩን፥ በመጨረሻም ሩቁን እንጥራ። መልሱ የቀረበት ቦታ ጥፋቱን ከየት መፈለግ እንደምንጀምር ያሳየናል።