ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
(ታናናሾቻችንን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ስለ ማዘጋጀት)



ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየቤቱ የአዲስ ዓመት ዝግጅት ይጀመራል። ቤቱ ይታጠባል፣ ዶሮው ይታሰባል፣ ቄጠማው ይቀጠራል። ታናናሾቻችን ግን ሌላም የሚጠብቃቸው ነገር አለ፤ ይኸውም በመስከረም የሚከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ይህ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው በመጨረሻዋ ቀን ማታ ነው። ደብተሩ በጥድፊያ ይገዛል፣ የአምናው ዩኒፎርም አጥሮ ይገኛል፣ የትምህርት ማስረጃው ከየት እንደ ገባ ይጠፋል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። እኛ ወጣቶች ለታናናሾቻችን ወላጅም መምህርም አይደለንም፤ ነገር ግን ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት ነን። ስለዚህ ምን ልናደርግላቸው እንደምንችል ከዚህ በታች በየተራ እንመለከታለን።

1. ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

ለ2014 የትምህርት ዘመን በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ 3.2 ከመቶ ሆነ። ያን ጊዜ ሁሉም ስለ ፈተናው ተነጋገረ። ነገር ግን ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚህ የምንረዳው የ12ኛ ክፍል ውድቀት በ12ኛ ክፍል እንደማይጀምር ነው።

ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሒሳብም ሳይንስም ያመልጠዋል፤ ሁሉም በጽሑፍ ነውና። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ሥዕል እንደሚገለብጥ ሰው ይገለብጣል እንጂ አያነብበውም። ደብተሩ ስለሚሞላ ወላጆቹ የተማረ ይመስላቸዋል። እርሱ ግን መምህሩ እንዳይጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ከዓመታት በኋላም ትምህርቱን ይተዋል። እንግዲህ መስከረም ላይ የምንሰጠው ጥቂት ጊዜ ከዚህ የሚያድነው ሊሆን ይችላል።

2. ፊደሉን ለይቶ ያውቀዋልን?

ብዙ ልጆች «ሀ ሁ ሂ» እያሉ ገበታውን እንደ መዝሙር ይወርዱታል። ከመካከል አንዱን ፊደል በጣታችን ነክተን «ይህ ማን ነው?» ስንላቸው ግን ዝም ይላሉ፤ ወይም ከ«ሀ» ጀምረው እየቆጠሩ ካልሆነ አይደርሱበትም። ይህ በቃል መያዝ እንጂ ማወቅ አይደለም።

የጥንት መምህሮቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ተማሪው እነዚህን በተራ ከቆጠረ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ቅደም ተከተላቸው በተለወጠ መልክ እንደገና ይቆጥራቸዋል። በዚህ ጊዜ በዜማ የያዘው ልጅ ይደናገራል፣ ፊደሉን በመልኩ የለየው ግን ያልፋል። እኛም ይህንኑ ዘዴ በቤታችን ልንጠቀምበት እንችላለን። በካርቶን ቁራጭ ላይ በቀን አምስት አምስት ፊደል ጽፈን፣ ቀላቅለን እናሳያቸው። የሚመሳሰሉትን፣ ለምሳሌ «ለ»ን እና «ሰ»ን፣ «በ»ን እና «ሰ»ን፣ «ተ»ን እና «ቸ»ን ጎን ለጎን አስቀምጠን ልዩነታቸውን በጣታቸው እንዲያሳዩን እናድርግ።

ፊደል ለለየው ደግሞ በቀን 15 ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልን እንጠይቀው። ሲሳሳት ከአፉ ነጥቀን ከማንበብ ይልቅ ቃሉን ራሱ እስኪያገኘው እንታገሥ። አንብቦ ሲጨርስም «ምን አለ?» ብለን በራሱ አነጋገር እንዲነግረን እናድርግ። በቋንቋው ሌላ አፍ የፈታ ልጅ ከሆነ መጀመሪያ በአፍ መፍቻው እንዲያስረዳን እንተወው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

3. እንቅልፍና ቁርስ

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በክረምት ዕረፍት ግን ቴሌቪዥንና ስልክ እያየ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መቆየት ይለምዳል። ትምህርት በተከፈተ ማግሥት በ2 ሰዓት ተኛ ብንለው አይቻለውም። በየምሽቱ 20 ደቂቃ እያስቀደምን ብናስተኛው ግን በስድስት ምሽት ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ 10 ሰዓት ተኛ ማለት ነው። የጳጉሜን ቀኖች ለዚህ ይመቻሉ።

ቁርስም ቢሆን ውድ ነገር አያስፈልገውም። ያደረ እንጀራ ፍርፍር፣ ቂንጬ፣ በሶ ወይም ዳቦ በሻይ ይበቃል። ዋናው ነገር ሳይበላ እንዳይሄድ ነው፤ የራበው ልጅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነውና።

4. ዓይንና ጆሮ

አንዳንድ ልጅ ሰነፍ እየተባለ ዓመታት ያልፉበታል፤ ነገሩ ግን ስንፍና ሳይሆን ሰሌዳው አይታየውም። ሲያነብ መጽሐፉን ወደ ፊቱ በጣም የሚያስጠጋ፣ ሩቅ ሲያይ ዓይኑን የሚያጨናብስ፣ ራሱን ያመኛል የሚል ልጅ ካለ ልብ እንበል። በተደጋጋሚ «ምን አልሽ?» የሚለውን፣ ከጀርባው ሲጠሩት የማይዞረውንም እንዲሁ። ለወላጆቹ ነግረን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት፣ መምህሩም ከፊት እንዲያስቀምጡት ማድረግ ትንሽ ሥራ ነው፤ የልጁን ሕይወት ግን ሊለውጥ ይችላል።

5. የመጀመሪያው ቀን

አዲስ ገቢ ልጅ ቢያለቅስ አያስገርምም። አስቀድመን መንገዱን አብረን ሄደን፣ በሩን፣ መጸዳጃ ቤቱንና የውኃ ቧንቧውን ብናሳየው ፍርሃቱ ይቀንሳል። በዕለቱም ስንብቱ አጭር ይሁን፤ ማን በስንት ሰዓት እንደሚወስደው እንንገረውና የተናገርነውን እንፈጽም። ተደብቆ መጥፋት ግን ልጁ ነገ እንዳያምነን ያደርጋል።

«ቆይ፣ አስተማሪህ ይገርፍሃል!» እያሉ ማስፈራራትም መቅረት አለበት። መምህሩን እንደ ጅብ የሚፈራ ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እንግዲህ ዱላው በሕግ የተከለከለ ከሆነ እኛ በማስፈራሪያ መልሰን አናምጣው።

6. ስለ ተቸገረውና ዕድሜው ስለ ገፋው

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር መሰጠቱ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሆኗል። ይህ በማይዳረስበት ቦታ ግን አንድ ደርዘን ደብተር ለአንዲት እናት ከባድ ሸክም ነው። በየወሩ ከምናዋጣው ጥቂት ብናስቀምጥ ነሐሴ ላይ ለጥቂት ልጆች ይበቃል። ስንሰጥ ግን በጉባኤ ፊት ስም እየጠራን አይሁን፤ በወላጁ እጅ በኩል ይድረስ። ልጁ ደብተር አግኝቶ ክብሩን ቢያጣ ምን ይጠቅመዋል?

ሌላው ዕድሜው የገፋው ልጅ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን በተነሣው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በተከተሉት ግጭቶች ብዙ ልጆች ዓመታት ባከኑባቸው። ከእነርሱ አንዱ ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ወንበር ሲቀመጥ ያፍራል። «ይህን ያህል ቆመህ 3ኛ ክፍል?» የምትል ቀልድ ከትምህርት ቤት ልታስወጣው ትችላለችና አንደበታችንን እንጠብቅ።

7. በቤት ስላለችው ልጅ

አሁን የሚከብደውን ነገር እናንሣ። በአንዳንድ ቤት ሁለት እኩያ ልጆች አሉ፤ አንዷ ቦርሳ ተሸክማ ትወጣለች፣ ሌላዋ ከገጠር የመጣችው ቦርሳውን አድርሳ ተመልሳ ዕቃ ታጥባለች። እዚያው አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ተደንግጓል። ሕጉ ባይኖርስ ኅሊናችን ምን ይላል? ስለ ፍቅር እየተማርን በጓዳ ያለችውን ካላየናት ትምህርታችን ወዴት ደረሰ?

ወላጆቻችንን በአክብሮት ልናነጋግር እንችላለን። ከሁሉ የሚሻለው በቀን እንድትማር ነው። ያ ካልተቻለ በማታው ክፍለ ጊዜ ትመዝገብ፣ ዕቃ ማጠቡን እኛ እንውሰድ፣ እስከ በሩ እናድርሳት፣ ስትመለስም እንቀበላት። ለእርሷም 231ዱን ፊደል ማሳየት የምንችለው እኛ ነን።

8. ማጠቃለያ

«እኛ መምህራን አይደለን፣ ምን እናውቃለን?» የሚል አይጥፋ። በየኔታ ትምህርት ቤት ጀማሪውን ፊደል የሚያስቆጥረው ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ያለው ተማሪ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ በኋላ 15 ሲደርስ፣ ከአስተማሪዎቹ መካከል ብዙ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችን አንድ ልጅ እንያዝ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር በቀን 15 ደቂቃ እንስጠው። ከዚያ በኋላ ልጁ ራሱ ይመሰክራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በሰፈራችን እስካሁን ያልተመዘገበ ልጅ አለን? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
ለ. ፊደልን በቃል መያዝና ለይቶ ማወቅ በምን ይለያያሉ? በታናሾቻችሁ ላይ ፈትኑና በሚቀጥለው እሑድ ንገሩን።
ሐ. በቤት ስለምታገለግል ልጅ ትምህርት ወላጆቻችንን ሳናስቀይም እንዴት ማነጋገር እንችላለን?