የምርመራ ውጤት ምን ያህል ይታመናል?
ለሕክምና ፈቃድ ፈተና ለሚዘጋጁ የቀረበ ትምህርት

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። በአገራችንም ሆነ በሌሎች ብዙ አገሮች የሕክምና ትምህርት የጨረሰ ሰው በሽተኛን በራሱ ኃላፊነት ከማከሙ በፊት የፈቃድ ፈተና እንዲያልፍ የሚፈለገው ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ወደ ፈተናው የሚቀርቡት ወጣቶች ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት በትጋት ሲያጠኑ፥ የጤና ስታቲስቲክስን እንደ ባዕድ ትምህርት ቈጥረው ለመጨረሻው ሌሊት ያቈዩታል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በውጭ አገር ስንማር በፈጸምነው ስሕተት እንጀምር። አንድ የልጆች አባት፥ ሳልም ትኩሳትም ሳይኖረው፥ ለሥራ ቅጥር በተደረገለት ምርመራ «የሳንባ ነቀርሳ አለበት» ተብሎ ወደምንሠራበት ክፍል መጣ። መምህራችን «ይህ ሰው በሽታው እንዳለበት ምን ያህል ታምናላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም የመመርመሪያውን ቍጥር በቃላችን አጥንተን ስለ ነበር፥ ሳናመነታ «ከመቶ ዘጠና አምስት» ብለን መለስን። ሰውየው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ራጁና የአክታው ምርመራ ተደግሞለት ጤነኛ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ከልጆቹ ተለይቶ ያድር ነበር። መልሳችን የተሳሳተበትን ምክንያት መምህራችን በሰሌዳ ላይ አሠሩን።

የአንድ መመርመሪያ ብቃት በሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ይኸውም በእርግጥ ከታመሙት መካከል ስንቱን «አለበት» እንደሚል ያመለክታል። ሁለተኛው ስፔሲፊሲቲ ነው፤ ይኸውም በሽታው ከሌለባቸው መካከል ስንቱን «የለበትም» እንደሚል ያመለክታል። ያዕቆብ የሩሻልሚ የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ እነዚህን ሁለት መለኪያዎች እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ስለ ራጅ ምርመራ በጻፈው ጽሑፍ አስረድቷል። ሁለቱም የሚነሡት በሽታው መኖሩና አለመኖሩ አስቀድሞ ከታወቀ ሰው መሆኑን ልብ በሉ። በሽተኛው የሚጠይቀን ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ «ውጤቱ ይህ ከሆነ፥ በሽታው አለብኝን?» ይላል።

ለምሳሌ ሴንሲቲቪቲው ከመቶ 90፥ ስፔሲፊሲቲው ከመቶ 95 የሆነ መመርመሪያ አለን እንበል። ምንም ምልክት የሌላቸውን 10,000 ሰዎች ብንመረምርና ከእነርሱ የታመሙት 100 ብቻ ቢሆኑ፥ መመርመሪያው ከታመሙት 90ውን ያገኛል፤ 10ሩ ያመልጡታል። ከ9,900ው ጤነኞች ግን 495ቱን በስሕተት «አለባቸው» ይላል። ስለዚህ «አለባቸው» ከተባሉት 585 ሰዎች በእውነት የታመሙት 90 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከመቶ 15 ያህል ነው።

አሁን ደግሞ በዚያው መመርመሪያ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳሉ፥ ሌሊት የሚያልባቸውና የከሱ 1,000 በሽተኞችን እንመርምር፤ ከእነርሱም ነቀርሳ ያለባቸው 300 ይሁኑ። መመርመሪያው 270ውን ሲያገኝ፥ ነቀርሳ ከሌለባቸው 700 ሰዎች በስሕተት የሚይዘው 35ቱን ብቻ ነው። እንግዲህ «አለባቸው» ከተባሉት 305 ሰዎች 270ው፥ ማለትም ከመቶ 88 የሚበልጡት በእውነት ታመዋል። «የለባቸውም» ከተባሉት 695 ሰዎች መካከል ደግሞ 30ው ሕሙማን ናቸው። ስለዚህ ምልክቱ ብርቱ የሆነ በሽተኛ አንድ ጊዜ «የለብህም» ስለ ተባለ ብቻ አይሰናበትም።

መመርመሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመርማሪው ነው። በሽተኛው ከመመርመሩ በፊት ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የምናውቀው ታሪኩን በመጠየቅና ሰውነቱን በመመርመር ነው። ይህን ያልያዘ ስሌት መነሻ የለውም።

ስለዚህ በምታጠኑበት ጊዜ የሚከተሉትን እንድታዘወትሩ እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ቀመሩን በቃል ከመያዛችሁ በፊት አራት ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ከመቶ የተሰጠውንም ቍጥር ወደ ሰዎች ቍጥር ለውጡ።

ሁለተኛ፤ ጥያቄውን ስታነቡ ከቍጥሩ አስቀድማችሁ «ይህ በሽተኛ ማን ነው? ከየት መጣ? ምልክቱስ ምንድን ነው?» በሉ።

ሦስተኛ፤ የሳታችሁትን ጥያቄ በደብተር መዝግባችሁ ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት፤ ያነበቡትን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ራስን መፈተን ትምህርቱን ያጸናዋልና።

የፈተናው ወረቀት ለፈታኙ ተሰጥቶ ይቀራል፤ በሽተኛው ግን ከአፋችን የወጣውን ቃል ይዞ ወደ ቤቱና ወደ ልጆቹ ይገባል። ቍጥሩን የምናጠናው ይህ ቃል እውነተኛ እንዲሆን ነው።